ወደ አንኮበር የሚሄደው ማን ነው? በ«ኢንግ» የሚያልቅ የእንግሊዝኛ ቃል ስምን ሲከተል

ምልክቱ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር ተማሪዎቼን ደጋግሞ የሚያከራክራቸው ዐረፍተ ነገር ይህ ነው፤ «አይ ሜት ዘ ቲቸር ጎዊንግ ቱ አንኮበር»። ግማሾቹ «ወደ አንኮበር ስሄድ መምህሩን አገኘሁት» ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ «መምህሩን ወደ አንኮበር ሲሄድ አገኘሁት»። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጥፋቱ የዐረፍተ ነገሩ ሆኖ ሳለ ተማሪ ነጥብ ሲቀነስበት ማየት ያንገበግበኛል።

መንስኤው፦ የአማርኛ ግስ ባለቤቱን አዝሎ ነው የሚዞረው። «ስሄድ» ካልን እኔ ነኝ፤ «ሲሄድ» ካልን እርሱ ነው፤ ሰው የሚለየው በአንዲት ፊደል ነው። (እርግጥ «ስትሄድ» አንተም እርሷም ሊሆን ስለሚችል የእኛም ቋንቋ ከዚህ ችግር ፈጽሞ ነጻ አይደለም።) የእንግሊዝኛው «ጎዊንግ» ግን ለእኔም፣ ለእርሱም፣ ለእነርሱም ያው ነው። ስለዚህ አንባቢ ብዙውን ጊዜ ከጎኑ ካለው ስም ጋር ያጣምረዋል፤ ጸሐፊው ያሰበው ራሱን ቢሆንም እንኳ።

መፍትሄው፦ የጻፋችሁትን ወደ አማርኛ መልሱት። ሁለት ትርጉም ከወጣው ባለቤቱን በግልጽ አስገቡለት። ሄያጁ መምህሩ ከሆነ «ዘ ቲቸር ሁ ዋዝ ጎዊንግ ቱ አንኮበር» በሉ። ሄያጁ እናንተ ከሆናችሁ «ዋይል አይ ዋዝ ጎዊንግ ቱ አንኮበር» ብላችሁ ከፊት አምጡት። ከ«ጎዊንግ» በፊት ነጠላ ሰረዝ ማስገባትም ይረዳል፤ ነገር ግን ሲነበብ ስለማይሰማ እኔ አልተማመንበትም።

ወደ ፊት ማምጣት ብቻውን ግን አይበቃም። «ጎዊንግ ዳውን ጣርማበር፣ ዘ ፎግ ከቨርድ ዘ ሮድ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ቁልቁለቱን ስወርድ ጉም መንገዱን ሸፈነው ማለቱ ነበር። በሰዋስው ግን የወረደው ጉሙ ሆነ። ጣርማበር ላይ ጉም በእርግጥ ስለሚወርድ ስህተቱን የሚጠረጥር አንባቢ የለም፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። «አዝ አይ ዌንት ዳውን» ቢል ይድን ነበር።

«አ ማን ኢቲንግ ሃይና» ሲባል ሰው በላ ጅብ ነው ወይስ ጅብ የሚበላ ሰው? ጅቡን ለማለት በ«ማን» እና በ«ኢቲንግ» መካከል አጭር ጭረት ይሰመራል። ይህ ቀላሉ ነው።

የመጨረሻው ረቀቅ ይላል። «ማይ ፋዘር ደዝ ኖት ላይክ ዘ ቦይ ሲንጊንግ» ሲባል አባቴ የጠሉት የሚዘፍነውን ልጅ ነው ወይስ መዝፈኑን? መዝፈኑን ከሆነ «ቦይ» ላይ የባለቤትነት ምልክት ጨምራችሁ «ቦይስ ሲንጊንግ» ማለት ትችላላችሁ። በጆሮ ግን ይህ ከብዙ ቁጥሩ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ የተጠላው አዘፋፈኑ ከሆነ ለንግግር «ዘ ዌይ ዘ ቦይ ሲንግስ» ይሻላል፤ ልጁ ራሱ አልተጠላም፣ አዘፋፈኑ እንጂ።