ለአማርኛ ዌብሳይት ኤዲተር ስትመርጡ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ኤዲተር ማለት የዌብሳይቱ ጽሑፍ የሚጻፍበትና የሚስተካከልበት ሳጥን ነው፤ ሲመረጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው የቁልፎቹ ብዛት ነው። እኔ የማስቀድመው ሌላ ነገር ነው፦ አማርኛ ልጽፍበት፣ ከዎርድ ኮፒ አድርጌ ልለጥፍበት፣ ሴቭ አድርጌ ልክፈተው። የሚከተሉት ችግሮች የሚታዩት እዚህ ላይ ነው።

ስትጽፉ ፊደል ይደጋገማል

«ሰላም» ልትሉ «ስሰልላም» ይወጣል። ብዙዎቹ የአማርኛ ኪቦርዶች የሚሠሩት የቀደመውን ፊደል አጥፍተው በመተካት ነው፤ መጀመሪያ «ስ» ይወጣል፣ የአናባቢው ቁልፍ ሲነካ እሱ ጠፍቶ «ሰ» ይገባል። ተራ የጽሑፍ ሳጥን ይህን ያለ ችግር ይቀበላል። ኤዲተሩ ግን የጽሑፉን የራሱን ቅጂ ስለሚይዝ፣ የማጥፋቱ ትእዛዝ ካልደረሰው አሮጌው ፊደል እዚያው ይቀራል።

መጀመሪያ ያንኑ ቃል በብራውዘሩ የአድራሻ ሳጥን ውስጥ ጻፉት። እዚያም ከተደጋገመ ችግሩ የኪቦርዱ ነው። ኤዲተሩ ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ የብራውዘር ተጨማሪ የሆነውን ኪቦርድ ትታችሁ በኮምፒውተሩ ላይ በተጫነው ሞክሩ። ከዚያም በስልክ። በሁለቱም ካልተስተካከለ ያንን ኤዲተር ተዉት። በየቀኑ ዜና የሚጽፍ ሰው በየቃሉ ወደ ኋላ እየተመለሰ ፊደል እንዲያጠፋ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ከዎርድ የመጣው አንቀጽ መልኩ ይለያል

አንዱ አንቀጽ ይተልቃል፣ ሌላው በሌላ ፎንት ይታያል። ዎርድ ከጽሑፉ ጋር የፎንቱን ስምና መጠን ጭምር ስለሚልክ ነው። ጉዳቱ ቆይቶ ይመጣል፦ የዌብሳይቱን ፎንት ስትቀይሩ እነዚያ አንቀጾች በአሮጌው ይቀራሉ። ለጊዜው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪን አንድ ላይ ተጭናችሁ ጽሑፉን ብቻ ለጥፉ። ዘላቂው መፍትሄ ግን ሲለጠፍ ራሱ የሚያጣራ ኤዲተር ነው። ድሩፓል 10 ከተባለው የዌብሳይት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ጋር የሚመጣውን ኤዲተር፣ ሲኬኤዲተር (CKEditor) 5ን የምወደው ለዚህ ነው፤ የፎንት ምርጫ ካልተከፈተለት ፎንቱን አያስገባም።

የተለጠፈው አማርኛ ወደ ላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከተቀየረ ግን ጽሑፉ የተጻፈው ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ደረጃ) ባልሆነ የድሮ ፎንት ነው። አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት፤ ይህን የሚያድን ኤዲተር የለም።

ገጹ ይነበባል፣ ሲፈለግ ግን አይገኝም

የገጹን ኮድ ክፈቱ። በ«አ» ፋንታ አ ካያችሁ፣ ኤዲተሩ ፊደሉን ወደ ቁጥር እየቀየረ ነው የሚያስቀምጠው። አንባቢ ፊደሉን ያያል፤ የዌብሳይቱ ፍለጋ ግን ዳታቤዙ (ጽሑፉ የሚቀመጥበት ማከማቻ) ውስጥ ቁጥር ነው የሚያገኘው። ታይኒኤምሲኢ (TinyMCE) በተባለው ኤዲተር «ኢንቲቲ ኢንኮዲንግ» (entity_encoding) የሚለውን ቅንብር «ሮው» (raw) አድርጉት። የድሮዎቹን ገጾች ከፍታችሁ እንደገና ሴቭ አድርጉ። ብዙ ከሆኑ ዳታቤዙን ባካፕ ወስዳችሁ በአንድ ጊዜ ቀይሯቸው።

ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ኤዲተር አትቀይሩ፤ ዳታቤዙ ዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ፊደሎች የሚቀመጡበት ዘዴ) አይደለም። የጠፋው ጽሑፍ ከባካፕ ካልሆነ አይመለስም።

ዘጋቢው ያስገባው ቪዲዮ ይጠፋል

አስተዳዳሪው ሲያስገባ ይሠራል፣ ዘጋቢው ሲያስገባ ሴቭ እንደተደረገ ይጠፋል። ዎርድፕረስ (የዌብሳይት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) የ«ኦተር» (ጸሐፊ) ደረጃ ያለው ሰው የሚያስገባውን የቪዲዮ ኮድ ለደኅንነት ሲል ያወጣል። ለዘጋቢው ደረጃ አትጨምሩለት። የዩቲዩቡን ሊንክ ብቻውን በአንድ መስመር ላይ ይለጥፍ፤ ቪዲዮው ይወጣል።

አዲስ ዌብሳይት የምትጀምሩ ከሆነ ሲኬኤዲተር 4ን አትምረጡ። ነፃ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ የደኅንነት ማስተካከያ የሚደርሰው ለከፈለ ብቻ ነው።