የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኞች የጎደለ ክፍያንና የዘር አድልዎን እንዴት ይመዝግቡ?

በአሜሪካ በቤት ለቤት እንክብካቤ የተሰማሩ ሠራተኞች የራሳቸውን መዝገብ ሊይዙ ይገባል። ሥራ የጀመሩበትንና የጨረሱበትን ሰዓት፣ ሌሊት ለታካሚው የተነሡበትን ጊዜ፣ በአንድ ቀን ከአንዱ ታካሚ ቤት ወደ ሌላው ሲሄዱ ያጠፉትንም ሰዓት በየዕለቱ ይጻፉ፤ ይህ የመንገድ ጊዜ በፌዴራል ደንብ እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠራል፣ ብዙ ሰው ግን ሳይጠይቀው ያልፋል።

እ.ኤ.አ. የ1938ቱ የሠራተኛ ሕግ፣ በዚያ ዘመን ብዙ ጥቁር ሴቶች የሚሠሩትን የቤት ውስጥ ሥራ ከጥበቃው ውጭ ትቶት ነበር፤ በኤጀንሲ ለተቀጠሩ የቤት እንክብካቤ ሠራተኞች የትርፍ ሰዓት ክፍያን ያስፋፋው ደንብ የወጣው በ2013 ነው። በ2025 ይህንኑ ደንብ ለመሻር ሐሳብ ስለቀረበ፣ ከማመልከትዎ በፊት የግዛትዎን ሕግ ጭምር ያጣሩ።

አድልዎን ሲመዘግቡ «ተበደልኩ» ማለት አይበቃም፤ ከባዱ ፈረቃ ለማን እንደተሰጠ፣ ማን ምን እንደተናገረና ማን እንደሰማ ከነቀኑ ያስፍሩ። ታካሚው በዘርዎ ምክንያት ሌላ ሠራተኛ ቢጠይቅ እንኳ፣ የደንበኛ ምርጫ ለአሠሪው የሕግ ማምለጫ አይሆንም። ለፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤቱታ የሚቀርበው በ180 ቀናት ውስጥ ሲሆን፣ በብዙ ግዛቶች እስከ 300 ቀናት ይራዘማል፤ የፌዴራል የደመወዝ ክስ ግን በመደበኛው 2 ዓመት፣ ጥሰቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ከሆነ 3 ዓመት ጊዜ አለው።