የሶፍትዌር ፈቃድ ማብቂያ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይመዝገብ

በአቃቂ ቃሊቲ፣ በለሚ ኩራና በመሳሰሉት የአዲስ አበባ ዳርቻ ክፍለ ከተሞች፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የቴክኖሎጂ አቅራቢዎችን ውል ለምትከታተሉ ባልደረቦች ይህን ላካፍል። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ሲዘጋ የውጭ ኩባንያዎች የሶፍትዌር ፈቃድ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ስለሚሰላ፣ የማብቂያው ቀን በውል መዝገቡ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ። በተለይ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ የሚያበቃ ፈቃድ አዲሱ በጀት በሥራ ላይ ሳይውል አገልግሎቱን ሊያቋርጥ ስለሚችል፣ የእድሳት ጥያቄው ቢያንስ ከ3 ወር በፊት ለግዥ ክፍሉ እንዲደርስ እመክራለሁ፤ ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ ከሩቅ ሰፈር የመጣ ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» ተብሎ ሲመለስ ማየት በእውነት ያሳዝናል።

የጥገና አንቀጹም ትኩረት ይሻል። «በ24 ሰዓት ምላሽ ይሰጣል» የሚለው ሐረግ በስልክ መልስ ብቻ ተፈጸመ ሊባል ስለሚችል፣ ባለሙያው ቱሉ ዲምቱ ድረስም ቢሆን ቅርንጫፉ ባለበት ቦታ ተገኝቶ አገልግሎቱን ወደ ሥራ የሚመልስበት የጊዜ ገደብ፣ ከመዘግየት ቅጣቱ ጋር፣ በግልጽ ይቀመጥ። የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ርክክብ ይደረግ።