የድሮ የኮናን ኮሚክ ልታነቡ ካሰባችሁ

የማርቭልን ኮናን ዘ ባርባሪያን (ስለ ጦረኛው ኮናን በተከታታይ ቁጥሮች የወጣውን ኮሚክ) እንደገና ከቁጥር 1 ጀምራችሁ ልታነቡ ካሰባችሁ በቁጥሩ ቅደም ተከተል ሂዱ፣ ዝነኛ የሚባሉትን ብቻ እየመረጣችሁ እንዳትዘሉ፣ ምክንያቱም ጸሐፊው ሮይ ቶማስ ታሪኩን ያስኬደው በኮናን ዕድሜ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ገና ጎረምሳ ነው ከዛ ቀስ በቀስ ይበስላል። ደግሞ ስዕሉን ቶሎ ቶሎ አትለፉት! በ1970 የወጣውን ቁጥር 1 ከቁጥር 24 ጎን አስቀምጡና እዩ፣ ሁለቱም የሰዓሊው የባሪ ስሚዝ ናቸው ግን ሰውዬው በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ያሳየው ለውጥ ያስደነግጣል፣ እኔ 24ን እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቆም እያልኩ ነው የማየው። ከ25 ጀምሮ ሌላው ሰዓሊ ጆን ቡሴማ ሲገባ ኮናን ራሱ ገዘፍ ይላል፣ መጀመሪያ ቅር ሊላችሁ ይችላል ግን ታገሱት። ከ58 እስከ 100 ያለውን የባህር ወንበዴዋን የቤሊትን ታሪክ በተቻለ መጠን ሳታቋርጡ አንብቡት፣ ካቋረጣችሁት የቁጥር 100 ክብደቱ ይቀንስባችኋል (መጨረሻውን አልናገርም)። ሳቬጅ ሶርድ ኦቭ ኮናን የሚባለውን ጥቁርና ነጭ መጽሔት ግን ለብቻው ያዙት፣ እሱ በዕድሜ ወዲያ ወዲህ ስለሚዘል ከዋናው ጋር ከቀላቀላችሁት ግራ ያጋባችኋል።