ሲኒ ውስጥ አተላ እንዳይገባ
ቡና ስትቀዱ አተላው አብሮ እየወረደ የመጨረሻዋን ጉንጭ የሚያበላሽባችሁ ከሆነ ይቺን ሞክሩ። ቡናው በጀበናዋ አንገት ሊገነፍል ሲል ከከሰሉ አውርዱና አንድ የሻይ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በአፏ ጠብ አድርጉበት። ከዚያ ማቶቱ ላይ፣ ወደምትቀዱበት አቅጣጫ ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ አስቀምጧት። 5 ደቂቃ ያህል አትንኳት።

ቡናው እየተንተከተከ እያለ አረፋው ዱቄቱን ተሸክሞ ወደ ላይ ያወጣዋል። ቀዝቃዛዋ ጠብታ ስትገባ መንተክተኩ ቀጥ ይላል፣ ዱቄቱም ቀስ እያለ ታች ይሰክናል። ዘንበል ብላ ስለቆየችም ለመቅዳት ስታነሷት ብዙ አትናወጥም።

ዋናው ግን አቀዳዱ ነው። ሲኒዎቹን ረከቦቱ ላይ አጠጋግታችሁ ደርድሩና፣ ጀበናዋን ሳታቀኑ፣ በአንድ ቀጭን ፈሳሽ ከአንዱ ሲኒ ወደ ሌላው እለፉ። እናቶቻችን እንደዚያ የሚቀዱት ለውበት ብቻ አይደለም፤ ጀበናዋ ቀና ባለች ቁጥር የሰከነው አተላ እንደገና ይበጠበጣል። እኔ ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ማጥለያ ትቻለሁ፣ የቡናው ወፈር ማለትም አልቀረብኝም።

ቀዝቃዛ ውሃ ግን በትኩስ ጀበና ላይ ከውጭ እንዳታፈሱ፣ ሸክላው ሊሰነጠቅ ይችላል። ቡናው እንደ ዱቄት ከላመም ብዙ አይረዳም፣ ስታስፈጩ ትንሽ ሸካራ ይሁን በሉ። ለበረካ ደግሞ ጠብታዋን ተዉት፣ እሱ ቀድሞም ቀጥኗል።