ጌም ቤት የሚያዘጉ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ጌም ቤት ሊከፍት ያሰበ ልጅ ሊያማክረኝ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው አይለወጥም፦ «ጋሼ፣ ፒኤስ 5 ነው የሚያዋጣው አይደል?» ስለ ወንበሩ አይጠይቅም፤ ስለ ቴሌቪዥኑ አይጠይቅም፤ ስለ መብራቱ አይጠይቅም። ፕሌይስቴሽን የሚባለው ማሽን ብቻ ይምጣ እንጂ ሰዉ በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ይመስለዋል። ራሴም ጌም ቤት ስላለኝና ከዩኒቨርሲቲው አካባቢ እስከ ጠባሴ ተከፍተው የተዘጉትን ቤቶች ስለማውቃቸው፣ ለእያንዳንዱ ከማስረዳ እዚሁ ጽፌው ልገላገል። ኪራይና ንግድ ፈቃድ ውስጥ አልገባም፤ እሱን ከተማ አስተዳደሩ ያስተምራችኋል።

አዲሱ ካልገባ ሰው አይመጣም ማለት

ብዙ ገንዘብ የሚበላው ይሄ ስለሆነ በሱ ልጀምር። ጨዋታ ሠሪው ኢኤ ስፖርትስ ፊፋ የሚባለውን የኳስ ጨዋታ መጀመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት አልዘለለም። እኛ አዲስ ዓመት በምንቀበልበት ሰሞን አዲስ ዲስክ ይወጣል፤ «ይሄ ከሌለህ አለቀልህ» የሚለው ወሬም አብሮት ይመጣል። እስቲ ዲስኩ ውስጥ ምን እንዳለ እንይ። ለፒኤስ 3 የመጨረሻው ፊፋ 19 ነበር። ኩባንያው ራሱ «ሌጋሲ» የሚል ስም ሰጥቶ ነው ያወጣው፤ ማሊያውና የተጫዋቾቹ ዝርዝር ታደሰ፣ አጨዋወቱ የአምናው ሆኖ ቀረ። ፊፋ 22 ሲወጣ ደግሞ የተወራለት ሃይፐርሞሽን ነበር፦ 22 ተጫዋቾች እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ልብስ ለብሰው ሙሉ ግጥሚያ ተጫወቱ፣ ሩጫቸውና ዝላያቸው ተቀርጾ ጨዋታው ውስጥ ገባ። ግሩም ሥራ ነው። ግን የገባው ፒኤስ 5 ላይ ነው፤ ፒኤስ 4 ላይ አልነበረም። እኛ ከተማ ስንቱ ፒኤስ 4 ይዞ ማስታወቂያውን አምኖ ገዛው! የከፈለው ለዝውውር ዜና ነው፤ እሱን ደግሞ ሬዲዮ በነጻ ይነግረዋል።

በዚህ ላይ ኢኤና ስሙን ያከራየው የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ተለያይተዋል። የመጨረሻው ፊፋ 23 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ የኢኤ ጨዋታ «ኤፍሲ» ይባላል። «ፊፋ 25 አለኝ» የሚል ሻጭ ከመጣባችሁ፣ የያዘው ወይ ኤፍሲ ነው ወይ አሮጌ ዲስክ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ሳትከፍሉ በፊት ማሽን ውስጥ አስገብታችሁ እዩት።

አንድ ልጅ መንዝ ያሉ ቤተሰቦቹን በግ አሽጦ ፒኤስ 5 አመጣ። የጨዋታውን ዋጋ የሰፈሩን እጥፍ አደረገው። ልጆቹ ሄዱ፣ አዩ፣ «ላቡ ሳይቀር ይታያል» ብለው አደነቁ፣ አንድ አንድ ጨዋታ ተጫወቱና ሌላውን የኳስ ጨዋታ፣ ፔስ 2021ን፣ ወደሚጫወቱበት አሮጌ አግዳሚ ተመለሱ። ለምን ቢባል፣ እሱ ቤት የነበረው ሁለት ጆይስቲክና ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ነው። ተመልካች መቀመጫ የለውም። ተሸናፊው ሲነሳ የሚያሾፍበት ሰው የለም። ይሄን ጨዋታ ያቆየው ደግሞ ይኸው ነው፦ ተሸናፊ ይነሳል፣ አሸናፊ ይቀመጣል፣ ወረፋ የያዘው ከጀርባ ሆኖ ሁለቱንም ያሰለጥናል። ግጥሚያው አጭር ነው፤ ሕጉን የማያውቅ የለም፤ እንግሊዝኛ ማንበብ አይጠይቅም፤ ቅዳሜ ቡድኑ የተሸነፈበት የአርሰናል ደጋፊ እሑድ እዚህ መጥቶ ይበቀላል። አታሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ፖንግን ሲያወጣ ስክሪኑ ላይ የነበረው ሁለት መስመርና ወዲያ ወዲህ የምትል አንዲት ነጥብ ብቻ ነበር። ቴኒስ ነው ተባለ። ሳር የለ፣ ፊት የለ፣ ማሊያ የለ። አሜሪካ ውስጥ መጠጥ ቤት ተተከለ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን እየቆመ ሳንቲሙን ሲከትበት አመሸ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ተቀይሯል፤ ጎን ለጎን መቆሙ ግን አልተቀየረም።

ስለዚህ ገንዘባችሁን በዚህ ቅደም ተከተል አውጡ፦ መጀመሪያ አራት ደህና ጆይስቲክ፣ ቀጥሎ ረጅም አግዳሚ፣ ከተረፈ አዲስ ጨዋታ። ሁለት ለሁለት ሲጫወቱ አንድ ማሽን ከአራት ሰው ያስከፍላል። በአውራ ጣት የሚገፋው የአናሎጉ ላስቲክ ሲያልቅ ወይም ተጫዋቹ ሳይነኩት ራሱ መሄድ ሲጀምር ነገ ዛሬ ሳትሉ አሠሩት፤ ደንበኛ አሮጌ ጨዋታ ይታገሳል፣ የላላ ጆይስቲክ ግን አይታገስም።

ቴሌቪዥኑን እንደመጣ መሰካት

አሁን የሚገዙት ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ምስሉን ለማሳመር ሲሠሩበት ትንሽ ያቆዩታል። ለፊልም ምንም አይደለም። ለጨዋታ ግን ኳሱን የመታችሁበት ቅጽበትና ያያችሁበት ቅጽበት ይለያያል። ልጆቹ «ጆይስቲኩ ይዘገያል» ይላሉ፤ ባለቤቱ ጆይስቲክ ሲቀያይር ይከርማል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ጌም ሞድ የሚለውን አብሩት። አለቀ።

መብራት ሲሄድ አለመንቀል

መብራት ሲሄድ ማሽኑ ሃርድ ዲስኩ ላይ እየጻፈ ከነበረ ፋይሉ ይበላሻል። ሲመለስ ደግሞ ኃይሉ ዘሎ ይመጣና ፓወር ሰፕላዩን ያቃጥላል። ሰው የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው፤ ኪስ የሚያራቁተው ሁለተኛው ነው። መብራት እንደሄደ ሁሉንም ንቀሉ፤ ከተመለሰ በኋላ እስኪረጋጋ ጠብቁና ሰኩ። ልጆቹ «ጋሼ ሰካው እንጂ!» እያሉ ይጮሃሉ፤ ይጩሁ። ስታቢላይዘር ግዙ። ሁሉንም ማሽንና ቴሌቪዥን አንድ ዲቫይደር ላይ የሰካውን ሰው ግን ምን እንደምለው አላውቅም።

ብርዱ ያበርደዋል ብሎ መዘናጋት

ሸዋ ሮቢት ጌም ቤት ያለው ወዳጄ በቆርቆሮ ቤቱ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ማሽኖቹን ያጠፋል፤ ደግ አደረገ። አምራቹ ለፒኤስ 4 የፈቀደው ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ነው። እኛ ደግሞ «እዚህ ውርጭ ነው፣ ምን ያሞቀዋል?» እንላለን። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ ተመሳሳይ ዙር ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ቆላ ካለው ያንሳል። አቧራ ሲጨመርበት ማሽኑ ሊነሳ እንዳለ አውሮፕላን ይጮሃል። ዳንቴል ያለበሰው አይቻለሁ። ኅዳር ላይ «ብርድ እንዳይመታው» ብሎ ሲሠራ በጋቢ የሸፈነውም አይቻለሁ፤ የደጉ ሰው ነገር! ከጀርባው አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ተዉለት፤ ፋኑን በየጊዜው አስጠርጉት። ሌሊቱን ብርድ ውስጥ ያደረ ማሽን ሰው ወደሞላበት ክፍል ካስገባችሁ ውስጡ ጤዛ ይይዛልና ወዲያው አታብሩት።

ልጆቹ ጣታቸው ደነዘዘ ብላችሁ በተዘጋ ክፍል ከሰል አታቀጣጥሉ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ሴቲንጉን ለተጫዋች መተው

ፔስ ያደገበት ልጅ ጎል የሚመታው በጆይስቲኩ የካሬ ቁልፍ ነው፤ ፊፋ ያደገበት በክቡ። አንዱ ተነስቶ ሌላው ሲቀመጥ ቁልፍ ይቀያየራል፤ ግጥሚያው ይጀመርና ብቻውን ከበረኛ ጋር የተገናኘው አጥቂ ክሮስ ያሻግራል። ከዚያ «ጎሉ አይቆጠርም፣ እንደገና» የሚል ጭቅጭቅ ነው። ሕጉን ግድግዳ ላይ ጻፉት፦ ቁልፍ የሚስተካከለው ከፊሽካው በፊት ነው፤ ከተጀመረ በኋላ የለም። እኩል ከወጡ ቀጥታ ፔናሊቲ ነው ወይስ ጭማሪ ሰዓት፣ ጭማሪ ሰዓቱን የሚከፍለው ማነው፤ እሱንም ጻፉት።

የሩጫውን ቁልፍ አለመልቀቅ

ይሄ ለተጫዋቾች ነው። ጣታችሁን ከሩጫው ቁልፍ አንሱ እንጂ ጎበዝ! ፈጣን አጥቂ መርጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደቂቃ ሲያስሮጠው፣ በ70ኛው ደቂቃ እግሩ ተሳስሮ ኳሱን ሲያስረክብ፣ ከዚያ «ኮምፒውተሩ አዳላ» ሲል ሰምቼ ሰለቸኝ። ሲሮጥ ኳሱ ከእግሩ ይርቃል፤ መታጠፊያው ይሰፋል። ሲከላከሉማ ይባስ ነው። የመሐል ተከላካዩን ይዞ ወደ ኳሱ ይበራል፣ ከኋላው ያለው ሜዳ ባዶ ይቀራል። ፊፋ ላይ ኤል 2 የሚባለውን ቁልፍ ይዛችሁ ፊት ለፊት እየተጋፈጣችሁ ወደኋላ ሂዱ፤ አማካዩን አምጡና ይጫነው። በጥምቀት ከአዲስ አበባ የሚመጡት ልጆች እኛን የሚበሉን ቡድናቸው ፈጣን ስለሆነ አይደለም፤ ቆም ማለት ስለሚያውቁ ነው።

የሠራችሁትን አለማስቀመጥ

በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ዋልያዎቹን ብትፈልጓቸው አታገኟቸውም። ፔስ ግን ራሳችሁ እንድትሠሩ ይፈቅዳል፦ ፒኤስ 4 ላይ ማሊያና አርማ በፍላሽ ይገባል፣ የተጫዋቹ ስም፣ ቁመት፣ ፍጥነት ሁሉ ይስተካከላል። ልጆቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ የበቃውን ቡድን ሠርተው ነበር። ሳላዲን ሰይድ፣ ጌታነህ ከበደ፣ ዛምቢያ ላይ ያገባው አዳነ ግርማ። የአዳነን የአመታት ነጥብ ስንት እናድርገው በሚለው ብቻ አንድ ምሽት ተከራክረዋል። ያ ቡድን ከብራዚል ጋር ሲጫወት ቤቱ ውስጥ መቆሚያ ይጠፋ ነበር። ምንም ያህል አዲስ ዲስክ ባመጣ እንደዚያ ሰው አያመጣልኝም።

ታዲያ አንድ ረዳት ማሽኑ ፈዘዘብኝ ብሎ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ አስነሳው። ቡድኑ ጠፋ። የልጆቹ ፊት ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ሴቭ ፋይሉን በፍላሽ መገልበጥ ደቂቃ አይፈጅም፤ ፍላሹን ደግሞ ቤት ውሰዱት፣ ፊልም አይጫንበት።

ዩኒፎርምና ቁማር

የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰ በትምህርት ሰዓት አይገባም። ተሸናፊ ይክፈል፤ ከዚያ ያለፈ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ከታየ ግን ማሽኑን አጥፉ። እናቶች በር ላይ ቆመው «ወንድምዓለም፣ ልጄን አየኸው?» ሲሉ ፊታቸውን ቀና ብላችሁ ማየት አለባችሁ።

ነገን አለማየት፣ ወይም ነገን ፈርቶ መዝጋት

«ስልክ ላይ በነጻ ካለ ማን ይከፍላል?» ይሉኛል። የፔስ አምራች ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ፔስን ትቶ ኢፉትቦልን በነጻ አወጣ። መጀመሪያ ሲወጣ የተጫዋቾቹ ፊት መሳቂያ ሆኖ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፤ ቡድን ይዘው ለዓመታት የሚያሠለጥኑበት ማስተር ሊግም አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ፊፋ ራሱ ሪያድ ላይ የዓለም ዋንጫ አድርጎበታል። በስልክ የሚጫወተው ልጅ ግን ከእኔ ቤት አልጠፋም። እዚያ ተለማምዶ እዚህ ይመጣል፤ ያሸነፈውን የሚያይለት ሰው ይፈልጋላ። በኢንተርኔት ሲጫወት ደግሞ ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ነው፤ ኳሱ ይንተባተባል።

ስለ ስልክ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እነዚህ ኩባንያዎች አሁን ዋና ዓይናቸው ያለው ዲስኩ ላይ ሳይሆን ጨዋታው ውስጥ በሚሸጠው፣ የተጫዋች ካርድ ባለበት ጥቅል ላይ ነው። ውስጡ ማን እንዳለ ሳታውቅ ትከፍላለህ። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 ይሄ ቁማር ነው ብላ ወሰነች፤ ኢኤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ጥቅሉ የሚገዛበትን ነጥብ እዚያ መሸጡን አቆመ። እዚህ ልጆች ቴሌግራም ላይ ላገኙት ሰው የይለፍ ቃላቸውን ሰጥተው «ኮይን (የጨዋታውን ገንዘብ) ይሞላልኛል» ይላሉ፤ ጠዋት ሲነሱ አካውንቱ የለም። ለማንም አትስጡ።

ዲስክም እየቀረ ነው። ፒኤስ 5 ፕሮ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ዲስክ ማጫወቻ ሳይኖረው ነው፤ ለብቻው ይገዛል። ኤፍሲ 24 ሊወጣ ሲል ኢኤ የቀድሞዎቹን ፊፋዎች ከኢንተርኔት መሸጫዎች አነሳቸው፤ ዲስክ የያዘ ያዘ፣ ያልያዘ ቀረ። ስለዚህ «ርካሽ ነው» ተብሎ ዲስክ የማይገባበት ማሽን ለጌም ቤት መግዛት ስህተት ነው። አንዱን ጨዋታ ለማውረድ ስንት አሥር ጊጋባይት ይፈልጋል፤ በሞባይል ዳታ አስቡት። አሮጌ ዲስኮቻችሁን አትሽጡ።

ያገለገለ ማሽን ስትገዙ ደግሞ ውስጡ «ሃምሳ ጨዋታ አለ» የሚለው አያማልላችሁ። ጨዋታዎቹ የታሰሩት በሻጩ አካውንት ላይ ከሆነ ነገ ሊዘጋባችሁ ይችላል። ጄልብሬክ (የአምራቹ መቆለፊያ የተሰበረበት) ከሆነም ልትጠቀሙበት ትችሉ ይሆናል፤ ግን ኢንተርኔት ላይ አውጥታችሁ አታዘምኑትም። ሻጩ ፊት ለፊታችሁ አካውንቱን ያውጣ፣ ማሽኑን ያጽዳ፣ የራሳችሁን ዲስክ አስገብታችሁ አንድ ሙሉ ጨዋታ ተጫወቱበት። እምቢ ካለ ማሽኑን ተዉለት።