የጋሪ ፈረሳችሁ ዓይን ማንባት ካላቆመ

አዳማ ላይ ጋሪ የምትነዱ ወንድሞች፣ በዚህ ንፋስና አቧራ የፈረሳችሁ ዓይን አልደርቅ ካለ መጀመሪያ የዓይን መከለያውን አውልቃችሁ እዩት። የኔው ቡላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያነባው የመከለያው ስፌት ተተርትሮ ክሩ ዓይኑን ስለሚነካው ነበር። እኔ ደግሞ ዝንቡን ስረግም!

1 ሊትር ውሃ አፍሉና 9 ግራም ጨው፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ጨምሩ። ለብ ሲል በንጹሕ ጨርቅ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉለት፤ ለየዓይኑ የተለያየ ጨርቅ። እንባው የሚወርድበት ቆዳ እንዳይላጥ ስስ ቫዝሊን ቀቡት፣ ዓይኑ ውስጥ ብቻ እንዳይገባ።

ይህም ሆኖ ካላቆመ የእንባው ቱቦ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። መውጫው አፍንጫው ውስጥ፣ ከታች በኩል የምትታየው ትንሽ ቀዳዳ ናት። በስንጥር እንዳትነካኩት፤ ሐኪም ያጥበዋል።

ዓይኑን ከጨፈነ ወይም ነጭ ነገር ከጣለበት ግን በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ቤት የተረፈ የሰው ዓይን ጠብታ አትሞክሩ፤ ስቴሮይድ የሚባለው እብጠትና መቅላት የሚያስታግስ መድኃኒት ካለበትና ዓይኑ ከቆሰለ እስከ መታወር ሊያደርሰው ይችላል።